ከዘመነች ቤት የወጣ ስም

በኮልፌ አጠና ተራ፣ ዘመነች ቤት ገብቶ «አረቄ ስጪኝ» የሚል ሰው እንግዳ መሆኑ ወዲያው ይታወቅበታል። ወይ ከሩቅ አገር የመጣ ነው፣ ወይ ጆሮ ጠቢ ነው፣ ወይ ደግሞ አማቹን ፍለጋ የገባ ምስኪን ነው። የቤቱ ሰው በቤቱ ቋንቋ ነው የሚያዘው። ጉሮሮ የሚልጠውን ደረቁን የፈለገ «ቀኛዝማቹን» ይላል። ነጭ ሽንኩርት የገባበት «ጥሩምባ» ነው፤ የጠጣው ሰው ትንፋሹ ከራሱ ቀድሞ ቤት ይደርስና ለሚስቱ ያወራበታል። ጠላ ላይ አረቄ ጠብ ሲደረግበት «ጋብቻ» ይባላል፤ ሲጀምሩት ይጣፍጣል፣ ኋላ ራስ ያዞራል። ሁለተኛው መለኪያ «ምስክር» ነው፤ በአንድ ምስክር ብቻ የተረታ የለምና። ቆመው የሚጨልጡት የመጨረሻው «ፌርማታ» ይባላል። አንዳንዱ ታዲያ ፌርማታውን እያለፈ ሲሄድ ያመሻል።

ይህ ሁሉ ለቀልድ ብቻ የመጣ እንዳይመስላችሁ። በስድሳዎቹ መጀመሪያ፣ ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ሳሉ፣ አረቄ የሚለው ቃል ራሱ ያሳፍር ነበር። ማኅበርተኛ የሆነ፣ የልጆች አባት፣ በሰፈር የሚከበር ሰው «አረቄ ልጠጣ ነው» ብሎ እንዴት ከቤቱ ይወጣል? «ቀኛዝማቹ ጋ ብቅ ብዬ ልምጣ» ሲል ግን ሚስቱም ጋቢውን አቀብላ ትሸኘዋለች።

ስሞቹን ሁሉ ያወጣው አንድ ሰው ነው። ፀሐዬ ይባላል፤ የአጠና ደላላ ነው። ከገጠር የሚመጣውን የባህር ዛፍ አጠና ቤት ከሚሠራ ሰው ጋር ያገናኛል። ጠማማውን አጠና «ይኼ እኮ ትሑት ነው፣ ጎንበስ ማለት ያውቃል» ብሎ አስቆ የሚሸጥ ሰው ነበር። ከምላሱ በቀር ሀብት የለውም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሚጠብቀው ቤት ስለሌለ፣ ገበያው ሲበተን እግሩ በራሱ ጊዜ ወደ ዘመነች ቤት ይወስደዋል። ጮክ ብሎ የሚናገረው ባይኖርም እዚያ ቤት ውስጥ ንጉሡ እሱ ነበር።

ዘመነች ደግሞ ቁጥብ ሴት ናት። ከቦንጋ ነው የመጣችው። በልጅነቷ ለአንድ የበቅሎ ነጋዴ ተድራ፣ ባሏ «ጅማ ደርሼ መጣሁ» ብሎ እንደወጣ ቀረ። ጥቂት ዓመት ጠብቃ፣ ጥቂት ዓመት ደግሞ መጠበቅን ጠልታ፣ በመጨረሻ ቡና የጫነ መኪና ላይ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጣ አዲስ አበባ ገባች። መርካቶ አንዲት ያገሯ ሴት ቤት ድፍድፍ እየደፈደፈች አረቄ ማውጣት ተማረች። ከዚያ ኮልፌ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ሠርታ የራሷን ጀመረች። የቤቷን ማገርና ወጋግራ አንድ በአንድ የመረጠላት ፀሐዬ ነው፤ ለእሷ ሲሆን ትሑት አጠና አልሸጠም።

እሷ ራሷ ጠጥታ አታውቅም። የሰከረ ሰው ሲያስቸግር ኮሌታውን ይዛ እንደ ቅርጫት አንስታ ደጅ ታስቀምጠዋለች፤ በማግስቱ ሲመጣ ደግሞ ትናንት የሚባል ነገር እንዳልነበረ አድርጋ ትቀዳለታለች። ስለዚህ ሰው ሁሉ ይወዳታል፣ ሰው ሁሉ ጉዱን ይነግራታል። የእሷን ጉድ የሚጠይቃት ግን አልነበረም። ከፀሐዬ በቀር።

አንድ ዓመት ተስቦ ጥሏት ነበር። ሰው ሁሉ በሽታውን ፈርቶ ሲርቅ ከአልጋዋ አጠገብ ያልጠፉት ሁለት ናቸው፤ ቅቤና ቆጮ የምትሸጠው ጎረቤቷ ሰብሪያ እና ፀሐዬ። ሰብሪያ አጥሚት ታጠጣታለች። ፀሐዬ ደጃፉ ላይ በርጩማ አውጥቶ ይቀመጥና ቤቱን ይጠብቃል። ጠርሙሱ ሁሉ በእጁ ሆኖ ሳለ አንዲት ጠብታ አልቀመሰም። ዘመነች ከዚያ በኋላ ይህን ሰው ከወንድም ለይታ አላየችውም። «ጋሽ ፀሐዬ» ትለዋለች፤ በአክብሮት፣ እርስዎ እያለች።

በዚያ ቤት አንድ ልማድ ነበር። ዘመነች በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለፋሲካ፣ ሁለት ጊዜ የተጣራ ዳግም አረቄ ታወጣለች። ይህ የዓመቱ ምርጥ ነው፤ ስም ሳይወጣለትም አይጠጣም። ለዳግማይ ትንሣኤ ከቀትር በኋላ ደንበኞቹ ሁሉ ይሰበሰባሉ። ፀሐዬ መለኪያውን ወደ በሩ ብርሃን ከፍ አድርጎ አይቶ፣ አሽትቶ፣ ትንሽ ከንፈሩን ነክቶ ስሙን ይናገራል። ሰው ስሙን ተቀብሎ በአንድ ድምፅ ሲደግመው ያ ስም እስከሚቀጥለው ፋሲካ ይነግሣል። በተለያዩ ዓመታት «ሐኪም» የተባለም፣ «ባለርስት» የተባለም አለ። አንዴ «ጄኔራል» ብሎት ነበር፤ ሰዎቹ ወዲያው ወደ በሩ ዞረው ተመለከቱና እሱም ቶሎ ብሎ «ጀነሬተር ነው ያልኩት» አለ።

ችግሩ፣ ባለፈው ዓመት ያወጣው ስም ሳይያዝ ቀረ። «ሎንችና» ነበር ያለው። ሰው ለይሉኝታ ያህል ሳምንት ተናገረውና ተወው፣ ወደ ድሮው ስም ተመለሰ። ስም አውጪ ስሙ ሲወድቅበት እንዴት እንደሚያፍር የሚያውቀው ያፈረ ብቻ ነው። ይባስ ብሎ ከመንገዱ ማዶ ሬዲዮ ያለው ቡና ቤት ተከፈተ። ጎረምሶቹ ወደዚያ ማዘንበል ጀመሩ። መኳንንት የሚባል አጠና ተሸካሚ፣ አፉ የማያርፍ ጉልበተኛ፣ «ጋሽ ፀሐዬ ምላሱ ሊደርቅ ነው፣ ውሃ አጠጡት» እያለ ያስቅበት ነበር። ፀሐዬም አብሮ ይስቃል፤ ዘመነች ግን ሳቁ ከጥርሱ እንደማያልፍ አይታለች። አዝናለታለችም።

የዚያን ዓመት ሁዳዴ አጋማሽ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። በጾም ቤቱ ጭር ይላል። ዘመነች መደቡ ላይ ተቀምጣ ጌሾ ትለቅማለች። ፀሐዬ ዝናብ አባሮት ገባና አጠገቧ ተቀምጦ ያግዛት ጀመር። ዝናቡ ወደ በረዶ ተለወጠና ቆርቆሮውን ይደበድበው ገባ።

«ዘመንዬ፣ አንቺ ግን ልጅ ሳትወልጂ ቀረሽ?» አላት፣ ጮክ ብሎ።

ዘመነች እጇ ጌሾው ላይ ቀረ። ምናልባት በረዶው ባይጥል ኖሮ አትናገርም ነበር። ጩኸቱ ግን ለራሷ የምታወራ አስመሰላት፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም በደንብ አልተሰማትም። ወልዳ እንደነበር ነገረችው። ባሏ በቀረ በማግስቱ በሚባል ጊዜ፣ ሴት ልጅ፣ የጫጩት ያህል የቀጠነች። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ እሷ ግን ሳምንት ሲቀራት አረፈች። ቄሱ ጋ ሄዳ ፍትሐት ብትለምን «ልጄ፣ ስም የላትም እኮ፤ ማን ብዬ ልጥራት?» አሏት። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሥርዓቱ ነው። ልጅቷ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ፣ በጓሮ፣ ከእንሰቱ ሥር ተቀበረች። ኋላም የባሏ ወንድሞች መሬቱን ሸጡት፣ የገዛው ሰው እንሰቱን ነቅሎ ጤፍ ዘራበት። መቃብሯ የት እንደሆነ ዛሬ ዘመነችም ብትሄድ አታገኘውም።

በረዶው ድንገት ቆመ። ቤቱ ፀጥ ሲል ዘመነች ደነገጠች፤ ፀሐዬ ጠጋ ብሎ ሁሉንም ሰምቶ ነበር።

«አንቺስ?» አላት ቀስ ብሎ። «አንቺ ማን ነበር የምትያት?»

ዘመነች ጌሾውን ከቀሚሷ ላይ አራገፈች። «ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም፣ ጋሽ ፀሐዬ።»

«መድኃኔዓለም ምስክሬ ነው፣ ከእኔ አይወጣም።»

«ድንቡሼ» አለችው።

እንድትወፍርላት ነበር እንዲያ ያለቻት። አንዲት ሥጋ የሌላትን ልጅ «ድንቡሼ፣ የኔ ድንቡሽቡሽ» እያለች ስታባብል የሰማት ሰው አልነበረም። መቃብር የለ፣ ፍትሐት የለ፣ የክርስትና ስም የለ። ልጅቷ በዚህ ዓለም ኖራ እንደነበር የቀረው ማስረጃ ይኸው አንድ ቃል ነው። ዘመነችም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በየቀኑ፣ ጠዋት ተነስታ ከሰው ጋር ሳትነጋገር፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ኮልፌ ከመጣች ወዲህም ወደ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ዞራ ያንን ቃል አንድ ጊዜ ትለዋለች። ይህን ከተወችው ልጅቷ ሁለተኛ እንደምትሞት ታምናለች።

ፀሐዬ አለቀሰ። የእውነት ነው ያለቀሰው፤ በአንገት ልብሱ ጫፍ ዓይኑን ሲጠርግ አይታዋለች። ሲወጣ እጇን ጨብጦ «አይዞሽ» አላት። ዘመነች ያን ቀን ጌሾዋን ለቅማ ስትጨርስ ሰውነቷ ቀለል አላት። ልጇን የሚያውቅ ሁለተኛ ሰው በዓለም ላይ ተገኘ።

ፋሲካ ገባ፣ ዳግማይ ትንሣኤም ደረሰ። ከቀትር በኋላ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። አግዳሚው አልበቃ ብሎ የቆመ አለ፣ ደጃፉ ላይ የተኮለኮለ አለ። ዘመነች የዳግሙን ጠርሙስ ታቅፋ ከጓዳው በር ላይ ቆመች። ፀሐዬ ካፖርቱን አራግፎ ተነሳ፣ መለኪያውን ወደ ብርሃኑ አነሳ፣ አሸተተ።

«ዘንድሮ» አለ፣ «ዘንድሮ ስሙ ቡልዶዘር ነው።»

ከዚያ መኳንንት «አምና ሎንችና፣ ዘንድሮ ቡልዶዘር፤ ጋራዥ ከፈትክ እንዴ?» አለና ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ይህ ግን ፀሐዬ የለመደው ዓይነት ሳቅ አልነበረም። ጉሮሮውን ጠራርጎ «እሺ፣ መንገድ መሪ ይሁን» አለ። ማንም አልደገመለትም። አንዱ ጎረምሳ ተነስቶ «እኔስ ሬዲዮው ጋ ልሂድ፣ እዚያ እንኳ ዜና አለ» አለ። ሌሎች ሁለትም ቆሙ። የፀሐዬ ግንባር በላብ ረጠበ። ዓይኑ ቤቱን ዞሮ ዞሮ ዘመነች ላይ አረፈ፤ ወዲያው ደግሞ ሸሸት አለ።

«ድንቡሼ» አለ ፀሐዬ።

ቤቱ አበደ። መኳንንት ጭኑን እየመታ «ድንቡሼ! እንዲህ ነው እንጂ» አለ። የቆሙት ተቀመጡ። «ድንቡሼን ቅጂልኝ»፣ «ለእኔም አንድ ድንቡሼ»፣ «ድንቡሼዬ፣ ነይ ወዲህ» እያለ ሁሉም መለኪያውን ዘረጋ። እንደዚያ ቀን ቶሎ የተያዘ ስም በዚያ ቤት ታሪክ የለም። ፀሐዬን ትከሻውን የሚመታው ብዛት። እሱም ሳቀ፤ እንደ ድሮው ሳቀ።

ዘመነች ክው ብላ ቀረች። ጠርሙሱ ከእጇ አልወደቀም፣ አልጮኸችም፣ ማንንም ኮሌታ ይዛ አላስወጣችም። እጇ የለመደውን ሥራ ያዘ። ለተዘረጋው መለኪያ ሁሉ ቀዳች፤ ሲቀዱላቸውም አንድ በአንድ የልጇን ስም እየጠሩ ጨለጡት። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል የሆነውን የሚያውቁት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንደኛው ደግሞ ወደ እሷ አልዞረም።

በማግስቱ ማለዳ አጠና ተራ ሄደች። ፀሐዬ ከተቆለለው እንጨት ሥር ቆሞ ነበር፤ ገና ሲያያት ፊቱ ተለዋወጠ።

«ምን አደረግከኝ?» አለችው። እንዲያ ስታከብረው የኖረችው ሰው «አንተ» ሲባል ከእሷ የሰማው ያን ቀን ነው።

«ዘመንዬ፣ በክፋት እንዳይመስልሽ። ስሟ ተዳፍኖ እንዳይቀር ብዬ እኮ ነው። ትናንት ስንት ሰው ጠራት?»

«እሷን ነው የጠሩት?»

ፀሐዬ አንድ አጠና ልጣጩን በጥፍሩ ይልጥ ጀመር።

«ሌላ አልመጣልኝም» አለ በመጨረሻ።

ጠልቷት ቢሆን፣ ተጣልተው ቂም ይዞባት ቢሆን፣ ዘመነች ቢያንስ የምትጠላው ነገር ታገኝ ነበር። ሰውዬው ግን አልጠላትም። ቸገረው፣ ኪሱን ሲዳብስ የእሷን ልጅ አገኘ፣ አወጣት። በቃ። ከዚህ የበለጠ የሚያቃጥል ምን አለ?

«ቤቴን እንዳትረግጥ» ብላው ተመለሰች።

እሱስ ሊያስተካክል አልሞከረም አይባልም። ያኑ ሳምንት ደጃፏ ላይ ቆሞ ለሚገባው ሁሉ «ስሙ ተለውጧል፣ ከዛሬ ጀምሮ ‹ወዳጄ› ነው» ይል ነበር። ሳቁበት። ሰው የወደደውን ስም በአዋጅ ይተዋል እንዴ? ዘመነችም በበኩሏ «እዚህ ቤት ያንን ስም የሚጠራ አይቀዳለትም» አለች። መኳንንት «ለምን?» አላት፣ በየዋህነት። ለምን እንደሆነ መናገር አልቻለችም። ብትናገር የቀረውንም፣ ቀጭኗን ልጅ፣ እንሰቱን፣ የቄሱን ቃል፣ ሁሉንም አግዳሚው ላይ ማፍሰስ ነው። ዝም ስትል ደግሞ ነገሩ ጨዋታ ሆነላቸው። «እንዳትሰማን፣ አንድ ድንቡሼ» እያሉ በጆሮዋ ያንሾካሹኩ ጀመር። እሷን ለማሳቅ ነበር። ይወዷታል እኮ።

አረቄ ማውጣቱንም ለጊዜው ተወችው። «አልቋል» አለች። ሰው ታዲያ ከሌላ ቤት እየጠጣ ያንኑ ስም ይለው ገባ። ስሙ ከእሷ ጠርሙስ ወጥቶ ሄደ። ሰኔ ሲገባ በኮልፌ ያለ አረቄ ሁሉ ድንቡሼ ሆነ፤ እስከ ዘነበወርቅ ድረስ፣ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጮች ሳይቀሩ ይሉት ነበር። ሬዲዮ ያለው ቡና ቤት ባለቤትም ድንቡሼ ይሸጣል ተባለ። መብላት ያስፈልጋልና ዘመነች ተመልሳ ማውጣት ጀመረች። ቤቷ እንደዚያ ዓመት ሞልቶ አያውቅም።

አንድ ቀን ሰብሪያ ቆጮ ይዛላት መጥታ እየሳቀች «ልጆቼ እንኳ ኳስ ሲጫወቱ የሚወድቀውን ‹ድንቡሼ ቀምሷል› ይሉታል፤ ስንት ጉድ አመጣሽብን» አለቻት። ከዚያ ፊቷን አይታ ሳቋን አቆመች። «ዘመነች፣ ከስተሻል። ምን ሆነሻል? ለእኔ ንገሪኝ።»

ሰብሪያ ያቺው በተስቦ ጊዜ አጥሚት ያጠጣቻት ሴት ናት። ከእሷ የተሻለ ሰው ከየት ይመጣል? ዘመነች አፏ ሊከፈት ምንም አልቀረውም። ግን ደጃፉ ላይ በርጩማ አውጥቶ የተቀመጠውም ሰው ደግ ነበር። «ምንም አልሆንኩ» አለቻት። ፀሐዬ የወሰደባት አንድ ስም ብቻ አልነበረም፤ ሰብሪያንም ወሰደባት።

ጠዋት ጠዋት ግን ተነስታ ወደ ቀራንዮ መዞሯን አልተወችም ነበር። አንድ ቀን እንደ ልማዷ ቆማ ቃሉን ስታወጣው፣ ጆሮዋ ላይ የመጣው የመኳንንት ድምፅ ሆነ። የቀጭኗን ልጅ ፊት ለማየት ዓይኗን ብትጨፍን የተዘረጋ መለኪያ መጣባት። በማግስቱም እንዲሁ። ሦስተኛው ቀን ቃሉን ዋጠችውና ዝም ብላ ቆማ ገባች። ያን ቀን ምርር ብላ ነው ያለቀሰችው፤ ልጇ ያረፈች ዕለት እንኳ እንዲያ ማልቀሷን አታስታውስም።

ጳጉሜ ገባ። አዲሱ ዓመት ከመግባቱ በፊት የተጣላ የሚታረቅበት ጊዜ ነው። እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ የዘመነች በር ተንኳኳ። ሽማግሌዎች ናቸው። ከፊት አባባ ገብረአምላክ ይመራሉ፤ ዓይናቸው የደከመ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸው ሰው ናቸው፤ ከመጠጥ ቤት የማይደርሱት ሰውዬ ለዕርቅ ብለው መጡ። መኳንንትም አብሮ አለ፣ ሽማግሌ ያስላከው እሱ ነው፤ ጉልበተኛ ቢሆንም ሁለት ወዳጆች ተኳርፈው ማየት አልሆንልህ ብሎታል። ከኋላ ፀሐዬ፣ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ገባ። በእነዚያ ወራት አርጅቷል።

አባባ ገብረአምላክ ተቀምጠው ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «ልጄ ዘመነች፣ ይህ ሰው በድያለሁ ብሎ ድንጋይ ተሸክሟል። ምን እንደበደለ ግን ለእኛ አልነገረንም። እስቲ በደልሽን ተናገሪ።»

«እሱ ያውቀዋል፣ አባባ።»

«ያልሰማነውን እንዴት እንዳኛለን? ቁስሉ ሳይታይ መድኃኒት አይደረግም።»

ዘመነች መሬት መሬት አየች። መኳንንት «ኧረ አባባ፣ ትልቅ ነገር አይደለም» ብሎ ገባበት። «ስም አወጣ፣ ስሙ አልተመቻትም፣ ተኳረፉ። በቃ ይኸው ነው።»

«ለአንድ የመጠጥ ስም?» አሉ አባባ ገብረአምላክ፣ በመገረም። «ይኼማ ሰው አያኳርፍም። ሌላ ነገር አለ።»

ፀሐዬ እንዳጎነበሰ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ድንጋዩ ከማጅራቱ ሊንሸራተት ሲል በሁለት እጁ ያዘው። «አለ፣ አባባ» አለ፣ ድምፁ በለቅሶ ተቆራርጦ። «እኔ ልናገር። እሷ ከአፏ አይወጣም። ዘመነች ቦንጋ ሳለች አንዲት…»

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለች ዘመነች።

ሁሉም ቀና አለ። ዘመነች ተነስታ ቆማለች። ሁለት እርምጃ ተራምዳ ድንጋዩን ከማጅራቱ ላይ በገዛ እጇ አንስታ ጥግ አስቀመጠችው።

«ይቅር ብዬሃለሁ፤ ዝም በል።»

ፀሐዬ ቀና ብሎ አያትና ገባው። አፉን ዘጋ። ሽማግሌዎቹ ግን ያዩት ሌላ ነገር ነው፤ በደሏን ሳትዘረዝር የማረች፣ ሆደ ሰፊ ሴት። አባባ ገብረአምላክ እጃቸውን ዘርግተው «እንዲህ ያለ ልብ ይስጠን» ብለው መረቋት። ፀሐዬ ጉልበቷን ሊስም ሲል ትከሻውን ይዛ አነሳችው፤ ሰው እያየ ነው። ይቅርታው ከልቧ አልመጣም። ከየት እንደመጣ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እሱም ደግሞ ከእንግዲህ ለማንም ሊናገረው አይችልም።

ዕርቅ በደረቁ አይቋጭም። መኳንንት አግዳሚውን አስጠግቶ አስቀመጣቸው። አባባ ገብረአምላክ ፈገግ ብለው «እኔ መቅመስ ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ ለዛሬ ግን ይሁን» አሉ። «እስቲ ሰው ሁሉ የሚያወራለትን፣ ድንቡሼ የምትሉትን አምጪልን፣ ልጄ።»

ዘመነች ጓዳ ገባች። ጠርሙሱን ይዛ ወጥታ ለሁሉም ቀዳች። ለፀሐዬም ቀዳችለት፤ አልነካውም።

አባባ ገብረአምላክ መለኪያውን በሁለት እጃቸው ይዘው ትንሽ አሰቡ። «ድንቡሼ» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። «ስሙስ ደስ ይላል። የሕፃን መጥሪያ ይመስላል። ማነው ያወጣው?»

መኳንንት በአገጩ ወደ ፀሐዬ አመለከተ። «እሱ ነው እንጂ ሌላ ማን አለ?»

ፀሐዬ መሬት አቀረቀረ። ዘመነች ጠርሙሱን እንደታቀፈች ሽማግሌው ፊት ቆመች።

«አይደለም፣ አባባ» አለች። «ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

መኳንንት የምትቀልድ መስሎት ሳቀ። አባባ ገብረአምላክ ግን በደከመ ዓይናቸው ድምፁ ወደመጣበት ቀና ብለው «ያወጣሽበት አፍ ይባረክ» አሉና ጠጡት።